የናይጄሪያ ታዳጊዎች፦ አምስት የዓለም ዋንጫና አንድ የእጅ አንጓ ምርመራ

ዜናውን ያወጣው ራሱ የናይጄሪያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ነበር። ጊዜው 2016 ነው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከ17 ዓመት በታች ብሔራዊ ቡድኑ ከኒጀር ጋር ላለበት የማጣሪያ ጨዋታ እየተዘጋጀ ነበር። ለቡድኑ ከተጠሩት ልጆች 26ቱ በኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ በምስል በሚያሳይ ማሽን) የሚደረገውን የእድሜ ምርመራ አላለፉም። በ26 ልጅ ሁለት ሙሉ ቡድን ሠርተህ እርስ በርስ ብታጫውት ተቀያሪም ይተርፍሃል።

አሰልጣኙ ማኑ ጋርባ ቡድኑን በጥድፊያ እንደገና መሥራት ነበረበት። አልሆነም። ኒጀር ናይጄሪያን በደርሶ መልስ ጥላ አለፈች። ናይጄሪያ የ2017ቱ ከ17 ዓመት በታች የአፍሪካ ዋንጫ አመለጣት። በዚያው የህንዱ የዓለም ዋንጫም አመለጣት። ይህ ደግሞ ተራ ቡድን አይደለም። ከዚያ በፊት የነበሩትን ሁለት የዓለም ዋንጫዎች በተከታታይ ያነሳ ቡድን ነው።

ስለዚህ ቡድን ሲወራ ሁለት ዓይነት ክርክር እሰማለሁ። አንዱ “ድሮም ትልልቅ ሰዎች እያሰለፉ ነው የሚያሸንፉት፣ ማሽኑ ሲመጣ አበቃላቸው” ይላል። ሌላው “አፍሪካ ስላሸነፈች የተፈጠረ ምቀኝነት ነው” ይላል። መዝገቡን ቀስ ብሎ ላየ ሰው ሁለቱም ውሃ አያነሱም። ከሁሉ በላይ ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ልጆቹ ብቻ ነው። ልጆቹን እዚያ ካምፕ ድረስ ስላመጧቸው አዋቂዎች ማንም አያወራም። እኔን የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

መዝገቡ ምን ይላል

ጎልደን ኢግሌትስ ይባላሉ። በዚህ የእድሜ ክልል የእነሱን ያህል የዓለም ዋንጫ ያነሳ ሀገር የለም። 1985፣ 1993፣ 2007፣ 2013 እና 2015 ላይ አሸንፈዋል። ብራዚል እንኳ ያላት አራት ነው። በ1987፣ በ2001 እና በ2009 ደግሞ ፍጻሜ ደርሰው ተሸንፈዋል። ለውድድሩ ያለፉት 12 ጊዜ ሲሆን ስምንቱን ጊዜ ፍጻሜ ተጫውተዋል። በየትኛውም የእድሜ ክልል እንዲህ ያለ መዝገብ ማግኘት ይከብዳል።

የመጀመሪያው ዋንጫ የተገኘው ቻይና ላይ ነው። ውድድሩ ያኔ ከ16 ዓመት በታች ነበር። ቤጂንግ ላይ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 0 አሸነፉ። አንድ የአፍሪካ ቡድን በፊፋ የዓለም ውድድር ሻምፒዮን ሲሆን ያ የመጀመሪያው ነበር። አምበሉ ንዱካ ኡግባዴ ይባላል። ስሙን ያዙልኝ፣ ወደ በኋላ እንፈልገዋለን።

የ1993ቱ ቡድን ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ጃፓን ላይ በፍጻሜው ጋናን 2 ለ 1 አሸንፎ ነው ዋንጫውን የወሰደው። ንዋንኮ ካኑ፣ ዊልሰን ኦሩማ፣ ሰለስቲን ባባያሮ እዚያ ነበሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሦስቱም አትላንታ ላይ የኦሎምፒክ ወርቅ አጠለቁ። በግማሽ ፍጻሜው ብራዚልን 4 ለ 3፣ በፍጻሜው አርጀንቲናን 3 ለ 2 አሸንፈው! የታዳጊ ቡድን ሥራ ሥራ የሚባለው እንዲህ ወደ ላይ ሲደርስ ነው።

ሁልጊዜ ግን እንዲህ አልደረሰም። በ1987 የውድድሩ ኮከብ ተጫዋች የተባለው ፊሊፕ ኦሶንዱ ወደ አንደርሌክት ሄደ፣ የተጠበቀውን ያህል ግን አልሆነም። በ2007 በሰባት ግብ ኮከብ ግብ አግቢ የሆነውን ማኮሊ ክሪሳንተስን ሀምቡርግ ወሰደው፣ ከዚያ በኋላ ከክለብ ክለብ ሲዞር ኖረ። በ2009 ኮከብ የተባለው ሳኒ ኢማኑኤል ላዚዮ ቢገባም ጎልቶ ሳይወጣ ቀረ። በዋናው ቡድን ደረጃ ደግሞ ናይጄሪያ በዓለም ዋንጫ ከ16ቱ አልፋ አታውቅም።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንድ ልጅ በ16 ዓመቱ ኮከብ ሆኖ በ22 ዓመቱ መጥፋቱ እድሜውን ደብቆ ነበር ማለት አይደለም። ጉዳት አለ፣ መጥፎ ወኪል አለ፣ ብርድ ሀገር ብቻውን የተጣለ ልጅ አለ። የስፔንና የብራዚል ታዳጊ ኮከቦችም ጠፍተዋል። “ጠፋ፣ ስለዚህ ሽማግሌ ነበር” የሚለው ወሬ ለብዙ ልጅ ግፍ ነው።

ጥርጣሬው ከየት መጣ

ጥርጣሬው ባዶ አይደለም። በ1988 የሴኡል ኦሎምፒክ ናይጄሪያ ካስመዘገበቻቸው ተጫዋቾች የሦስቱ የልደት ቀን ቀደም ባሉ ውድድሮች ከተመዘገበው ጋር አልገጥም አለ። ፊፋ ናይጄሪያን ለሁለት ዓመት ከወጣቶች ውድድር አገደ። በ1991 ልታዘጋጅ የነበረውን ከ20 ዓመት በታች የዓለም ሻምፒዮናም ተነጠቀች። ውድድሩ ወደ ፖርቱጋል ሄደ፣ ፖርቱጋልም በሜዳዋ ዋንጫውን አነሳች። በዚያው ዓመት ጣሊያን ላይ በተደረገው ከ17 ዓመት በታች ውድድር ናይጄሪያ አልነበረችም። ጋና አሸነፈች። ያኔ ኤምአርአይ የሚባል ምርመራ እግር ኳስ ውስጥ አልነበረም። ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን አድርጎ ያነበበ ሰው ነው ነገሩን ያገኘው።

ችግሩ ወረቀቱ ራሱ ብዙ ጊዜ የለም። በ2013 በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ናይጄሪያ ውስጥ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበው 30 በመቶ ገደማ ነበር። ዛሬ በወጣት ቡድን እድሜ ላይ ያለው ልጅ የተወለደው በዚያ ዘመን ነው። ልደቱ ያልተመዘገበ ልጅ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው ለስፖርት ወረቀት ሲያስፈልገው ቀኑ ያን ዕለት ይጻፋል። ቀኑን የሚናገረው እናቱ ልትሆን ትችላለች። ወይም የአካዳሚው ባለቤት። እናት በግምት ትናገራለች፣ የአካዳሚው ባለቤት ግን በስሌት ነው የሚናገረው። የ19 ዓመት ተጫዋች ለአውሮፓ ክለብ “16 ነው” ተብሎ ሲቀርብ ዋጋው ሌላ ነው። አሰልጣኙም ዋንጫ ካመጣ ውሉ ይታደሳል። ፌዴሬሽኑ ፎቶ ይነሳል። የልጁ ቤተሰብ ደግሞ ሌላ መውጫ የለውም። ከእነዚህ ሁሉ መካከል እውነተኛው ቀን የሚጠቅመው ሰው የለም።

ምርመራው እንዴት ይሠራል

ፊፋ በፕሮፌሰር ጂሪ ድቮራክ መሪነት መፍትሔ ሲፈልግ ነው የእጅ አንጓ ላይ የደረሰው። የክንድ አጥንት ጫፉ ላይ ልጅ እስካለ ድረስ የሚያድግበት ልም አጥንት አለ። እድገቱ ሲያበቃ ያ ልም አጥንት ይጠነክርና ጫፉ ከዋናው አጥንት ጋር ይገጥማል። በኤምአርአይ ምስሉ ላይ ያ ክፍተት ይታያል፣ ወይም አይታይም። ሐኪሞቹ ከአንድ እስከ ስድስት ደረጃ ይሰጡታል። ስድስት ማለት ሙሉ በሙሉ ገጥሟል ማለት ነው። ራጅም ይህን ያሳያል፣ ግን ጤነኛ ልጅን ያለ ሕመም ጨረር ውስጥ ማስገባት ተገቢ አይደለም። ኤምአርአይ ጨረር የለውም።

መሠረቱ የተጣለው ከስዊዘርላንድ፣ ከማሌዥያ፣ ከአልጄሪያና ከአርጀንቲና በመጡ 496 ጤነኛ ተጫዋቾች ላይ በተደረገ ጥናት ነው። እድሜያቸው በትክክል የሚታወቅ ከ14 እስከ 19 ዓመት ያሉ ልጆች ነበሩ። በ16 ዓመቱ አጥንቱ ሙሉ በሙሉ የገጠመ ልጅ ከመቶ አንድ አይሞላም። ከዚያ ቀደም ባሉ የታዳጊዎች ውድድሮች ላይ በናሙና የታዩ ተጫዋቾች ምስል ሲመረመር ደግሞ እስከ 35 በመቶ የሚሆኑት ከተፈቀደው እድሜ በላይ ሳይሆኑ እንዳልቀሩ ታየ። ፊፋን ያስደነገጠው ይህ ነው።

ሁለት ነገር ግን መታወቅ አለበት። አንደኛ፣ ምርመራው የልደት ቀን አይነግርህም። አጥንቱ ዘግይቶ የሚገጥም የ18 ወይም የ19 ዓመት ወጣት በሰላም ያልፋል። ስለዚህ “አለፈ” ማለት “ልጅ ነው” ማለት አይደለም። ሁለተኛ፣ አጥንቱ ቀድሞ የገጠመ እውነተኛ የ16 ዓመት ልጅ ይወድቃል። ጥቂት ቢሆንም አለ። ጥናቱ ከተሠራባቸው አራት ሀገሮች አንዱም የምዕራብ አፍሪካ አይደለም። ይህ የ26ቱን ልጆች ውጤት ውድቅ አያደርገውም። ከመቶ አንድ የማይሞላ ስህተት 26 ልጅ ሊያስረዳ አይችልም። ግን ከ26ቱ መካከል እውነቱን የተናገረ አንድ ልጅ ኖሮ ቢሆንስ? ምስሉ ከወጣ በኋላ የሚሰማው ሰው ማን ነው?

2009፦ ቤት ውስጥ የተደረገው ፈተና

ፊፋ ምርመራውን በዓለም ዋንጫ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በይፋ ሥራ ላይ ያዋለው በ2009 ነው። አዘጋጇ ራሷ ናይጄሪያ ነበረች። ውድድሩ ሳይጀመር ናይጄሪያ የራሷን ልጆች አስመረመረች፣ 15 ተጫዋቾችም ከቡድኑ ወጡ። አሰልጣኙ ጆን ኦቡህ በአጭር ጊዜ አዲስ ቡድን መሥራት ግድ ሆነበት።

ያ ቡድን በመክፈቻ ጨዋታው በጀርመን 3 ለ 0 ከተመራ በኋላ 3 ለ 3 አደረገ። ከዚያ እየገፋ እየገፋ ፍጻሜ ደረሰ። አቡጃ ላይ ስዊዘርላንድ በሃሪስ ሴፌሮቪች ግብ 1 ለ 0 አሸነፈችው። ከ15 ልጅ መውጣት በኋላ ፍጻሜ መድረስ ቀላል ነገር አይደለም።

ክርክሩ ግን አልሞተም። በ1980 ናይጄሪያ የአፍሪካ ዋንጫን ስታነሳ በቡድኑ የነበረው፣ በኋላም የሕግ ባለሙያ የሆነው አዶኪዬ አሚየሲማካ ቡድኑ ውስጥ አሁንም ታዳጊ ያልሆነ ተጫዋች አለ ብሎ በአደባባይ ተናገረ። ሀገሩ ውድድር እያዘጋጀ፣ ስታዲየሙ በደጋፊ ተሞልቶ እያለ። እንዲህ ያለ ሰው በየሀገሩ ቢኖር ምናልባት ማሽኑም ባላስፈለገ።

ያንን ፍጻሜ ዛሬ ላይ ሆኖ ሲያዩት የሚገርም ነገር አለው። በስዊዘርላንድ በኩል ግራኒት ዣካ፣ ሪካርዶ ሮድሪጌዝና ሴፌሮቪች ነበሩ። ሦስቱም ለዋናው ብሔራዊ ቡድን እያንዳንዳቸው ከ90 ጨዋታ በላይ ተሰልፈዋል። ከናይጄሪያ በኩልም ኬኔት ኦሜሩ ወጥቷል፣ ከዋናው ቡድን ጋር በ2013 የአፍሪካ ዋንጫን አንስቷል፣ ሁለት የዓለም ዋንጫ ላይም ነበር። ስዊዘርላንድ ያንን ዋንጫ ባታነሳ እንኳ ሦስቱን ልጆች አታጣም ነበር።

ዋንጫው ተመልሶ መጣ

“ማሽኑ መጣና አበቃላቸው” የሚሉ ሰዎች እዚህ ላይ መልስ ያጣሉ። ምርመራው በሥራ ላይ እያለ ናይጄሪያ ሁለት ጊዜ በተከታታይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች።

የ2013ቱ የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ቡድን የማኑ ጋርባ ነበር። በመጀመሪያው ጨዋታ ሜክሲኮን 6 ለ 1 ደቆሰ። ሜክሲኮ ያኔ የዓለም ሻምፒዮን ነበረች። ከስዊድን 3 ለ 3፣ ኢራቅን 5 ለ 0፣ ኢራንን 4 ለ 1፣ ኡራጓይን 2 ለ 0፣ እንደገና ስዊድንን 3 ለ 0። በፍጻሜው ሜክሲኮን ደግሞ አግኝቶ 3 ለ 0 አሸነፈ። በሰባት ጨዋታ 26 ግብ። ኮከብ ተጫዋች ኬሌቺ ኢሄናቾ ነበር፣ ወደ ማንቸስተር ሲቲ ሄደ። ታይዎ አዎኒይም የዚያ ቡድን ልጅ ነው።

በ2015 ቺሊ ላይ አሰልጣኙ ኢማኑኤል አሙኒኬ ነበር። አውስትራሊያን 6 ለ 0፣ ብራዚልን 3 ለ 0፣ ሜክሲኮን 4 ለ 2፣ በፍጻሜው ማሊን 2 ለ 0። ቪክቶር ኦሲምሄን በሰባቱም ጨዋታ አግብቶ በአሥር ግብ ጨረሰ። በአንድ ውድድር ያን ያህል ያገባ ከእሱ በፊት አልነበረም። በ2023 የአፍሪካ ኮከብ ተጫዋች የተባለው ይህ ልጅ ነው።

ስለዚህ ችሎታው ሐሰት አይደለም። ናይጄሪያ ዓለምን የሚያሸንፉ የ16 ዓመት ልጆች አሏት፣ ነበሯትም። በዓመቱ ደግሞ 26 ልጆች ወደቁ። ሁለቱም እውነት ነው። እውነተኛ ልጆች እያሉ ሐሰተኛ እድሜ የሚያመጣው ማን ነው የሚለው ጥያቄ የሚከብደውም ለዚህ ነው። በእያንዳንዱ የወደቀ ተጫዋች ቦታ አንድ እውነተኛ የ16 ዓመት ልጅ ሰፈሩ ቀርቷል። ያ ልጅ በሩጫ የተቀደመው ከእሱ ሁለት ሦስት ዓመት በሚበልጥ ወጣት ነው። በዚያ እድሜ ሁለት ዓመት ማለት ጡንቻ ነው፣ ቁመት ነው፣ ፍጥነት ነው። መልማዩ አይቶ አለፈው። የዚያን ልጅ ስም የሚያውቅ የለም፣ ቁጥሩም በየትኛውም መግለጫ ውስጥ አይገባም።

ምርመራው የሚደረገው ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው። ልጁ ማሽኑ ጋ ሲደርስ አካዳሚው አሳልፎታል፣ የክልል ውድድሩ አሳልፎታል፣ መልማዩ አሳልፎታል። ስንት አዋቂ እጁ አለበት። ውጤቱ ሲወጣ ግን ሻንጣውን ይዞ ከካምፕ የሚወጣው ልጁ ብቻ ነው።

ከ2016 በኋላ

በ2019 ብራዚል ላይ ኔዘርላንድስ በጥሎ ማለፉ መጀመሪያ 3 ለ 1 አሰናበተቻቸው። የ2021ዱ በኮቪድ ተሰረዘ። በ2023 አልጄሪያ ላይ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ በቡርኪናፋሶ 2 ለ 1 ተሸንፈው የዓለም ዋንጫውን አጡ። የዚያ ቡድን አሰልጣኝ ንዱካ ኡግባዴ ነበር፣ የ1985ቱ አምበል። ለ2025ቱ ደግሞ ወደ አፍሪካ ዋንጫው እንኳ አላለፉም። ያ የዓለም ዋንጫ ወደ 48 ቡድን አድጎ ለአፍሪካ አሥር ቦታ የሰጠበት ነው!

ይህን ሁሉ በምርመራው ማሳበብ አይቻልም። የማጣሪያው መንገድ ተቀይሯል። አሁን የምዕራብ አፍሪካ ቀጠና ውድድር ነው፣ በአንድ ቦታ፣ በጥቂት ቀን ውስጥ፣ ከጋና፣ ከአይቮሪኮስትና ከቡርኪናፋሶ ጋር። አንድ መጥፎ ቀን ሙሉ ውድድር ያስከፍላል። ጎረቤቶቹም ቆመው አልጠበቁም። ማሊ በ2015 እና በ2017 የአፍሪካ ሻምፒዮን ሆነች፣ በ2023 የዓለም ሦስተኛ ወጣች። በ26 ልጅ መውደቅ የሚፈርስ ዝግጅት ደግሞ ድሮም ዝግጅት አልነበረም። ከታች ሆኖ ልጆችን ከ12 ዓመታቸው ጀምሮ እየመዘገበ የሚከታተል ሥርዓት ቢኖር ኖሮ የማጣሪያው ዋዜማ ላይ የሚያስደነግጥ ዜና አይመጣም ነበር።

እንዲህ ያለ ምዝገባ ምን እንደሚሠራ የጊኒ ነገር ያሳያል። በ2019 ታንዛኒያ ላይ በተደረገው ከ17 ዓመት በታች የአፍሪካ ዋንጫ ጊኒ ናይጄሪያን በግማሽ ፍጻሜው በመለያ ምት ጥላ ለፍጻሜ ደርሳ ነበር። በኋላ ሁለት ተጫዋቾቿ ከሁለት ዓመት በፊት ጃፓን በተደረገ የታዳጊዎች ውድድር የተመዘገቡበት የልደት ቀን ከዚህኛው ጋር እንደማይገጥም ታወቀ። ጊኒ ታገደች፣ በዓለም ዋንጫው ቦታዋን ሴኔጋል ወሰደች። ይህንንም ያገኘው እንደ 1988ቱ ሁለት መዝገብ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። ልጅ በ12 ዓመቱ አንዴ ከተመዘገበ በ16 ዓመቱ ሌላ ቀን መጻፍ ይከብዳል። ማሽኑ ውድ ነው፣ መዝገብ ግን ርካሽ ነው።

በ2023 መጀመሪያ ካሜሩን ተራዋ ደረሰ። የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሳሙኤል ኤቶ ባዘዘው ምርመራ ከ30 ልጆች 21ዱ ወደቁ። ኤቶ ይህን ማድረጉ ተገቢ ነው፣ ይፋ ማውጣቱም እንዲሁ። ግን ዓለም የሰማው እንደገና የልጆችን ቁጥር ነው። እንዲህ ያለ መግለጫ በአቡጃም ይሁን በያውንዴ ሲወጣ ከቁጥሩ ጎን ሌላ ዝርዝር ማየት እፈልጋለሁ። እያንዳንዱ ተጫዋች ከየትኛው አካዳሚ መጣ? ወረቀቱን ማን ፈረመ? ለካምፑ ማን መለመለው? ከእሱ በፊት ስንት እንዲህ ያሉ ልጆችን አምጥቷል? የልጆቹ ስም አያስፈልገንም።